ጋሽ ይጣራ በደመወዝ መስኮት

ተጠራጣሪ የሌለበት ቤተሰብ የለም፤ «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ እሱ ራሱ ይጠርጠር።

የትኛውም ወረፋ ላይ ብትሰለፉ አንድ አይጠፋም። መልሱን ሦስት ጊዜ ይቆጥርና አራተኛውን «እስቲ አንተ ቁጠርልኝ» ብሎ ለእናንተ ይሰጣል፤ ስትቆጥሩለት ደግሞ ዓይኑን ከጣታችሁ ላይ አይነቅልም። ሐኪም «ምንም የለብህም» ሲለው «ምን ደብቆኝ ነው?» ብሎ ሌላ ሐኪም ጋ ይሮጣል። ሎሚ ሻጯ ምርቃት ብትጨምርለት የተጨመረችዋን ሎሚ ብቻ ለይቶ ያሸታታል። ሰርግ ሲጠሩት «ስንት ሰው ቀርቶባቸው ነው እኔ ትዝ ያልኳቸው?» ይላል። ይህ ሰው አጎታችሁ ነው፤ ጎረቤታችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ አግብታችሁታል፤ እግዜር ያጽናችሁ።

እኔ የዚህን ዘር አውራ ያገኘሁት እስር ቤት ነው። አትደንግጡ፣ የገባሁት በሥራ ነው። በእንጨት ወርክሾፑ ውስጥ ለሚሠሩ ታራሚዎች ደመወዛቸውን የምከፍል ገንዘብ ያዥ ነኝ። ታራሚ የምንላቸው በደብዳቤ ላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ እስረኛ ያው እስረኛ ነው።

«እስረኛ ደግሞ ይከፈለዋል እንዴ?» የሚለኝ ሰው አያልቅም። የገዛ እህቴ ይህን ስትሰማ «እኔ በነጻ ልጆች አሳድጋለሁ፣ እሱ ሰርቆ ይከፈለዋል!» ብላ አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች፤ እኔ የምከፍለው ከኪሷ ይመስል። ይከፈላል፤ ግን ማንም አይቅና። ወንበሩ ሲሸጥ ከዋጋው ላይ የእንጨት፣ የምስማርና የሙጫ ይነሣል። ከተረፈው እኩሌታው ለቤቱ ነው፤ ቤቱ ማለት እስር ቤቱ ነው። እኩሌታው የሠሪው ነው። የሠሪው ድርሻ ደግሞ ለሁለት ይሰነጠቃል፦ ግማሹን ወር በወር ከእኔ መስኮት በእጁ ይቀበላል፣ ለሳሙናና ለስልክ ካርድ። ግማሹ ደግሞ እስኪፈታ ድረስ ባንክ ይቀመጥለታል፤ ሲወጣ ባዶ እጁን እንዳይወጣ። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ ወንበር አራት እግር አለው፣ ለሠሪው በእጁ የምትደርሰው የአንዷ እግር ጫፍ ናት። ለተጠራጣሪ ከዚህ የበለጠ ግጦሽ ከየት ይመጣል?

ክቡር ጋሽ ይጣራ የመጡት በዚህ መሐል ነው። እውነተኛ ስማቸው መዝገብ ላይ አለ፤ በእሱ የጠራቸው ሰው ግን አላውቅም። ምንም ነገር ሲነገራቸው የመጀመሪያ መልሳቸው «ይጣራ!» ስለሆነ ግቢው በዚያው ሰየማቸው። ዝናብ መጣ ቢባሉ፣ «ይጣራ!» ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ሁልጊዜ ወደፊት ሰገግ ያለ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እያዩ ያደጉ የሚመስሉ ሰው ናቸው።

የእኔ መስኮት የብረት ፍርግርግ አለው። ከእኔ ወገን ሲታይ ከብረት ጀርባ ያሉት እነሱ ናቸው፤ ከእነሱ ወገን ሲታይ ደግሞ እኔ ነኝ። ጋሽ ይጣራ ይህን ገና በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን አስተዋሉ።

«አንቺን ስንት ዓመት ነው የፈረዱብሽ?» አሉኝ።

«እስከ ጡረታ።»

«ይግባኝ በያ!»

ከዚያ የእጅ ድርሻቸውን ሰጠኋቸው። እግዚኦ! መጀመሪያ ቆጠሩ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ቆጠሩ። ከዚያ እያንዳንዷን ኖት ወደ ፀሐይ አንሥተው በጀርባዋ አዩ። ከኋላቸው የተሰለፉት «ጋሼ፣ ብርሃኑን ጨረሱት እኮ!» እያሉ ይንጫጫሉ።

«ጣትሽን ምራቅ አስነክተሽ ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቀሽ እንዳይሆን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቢጣበቅ እኮ ለእርስዎ ነው የሚጨምረው!»

«እሱን ነው የምፈራው» አሉ፤ ፈገግም አላሉ።

ይህ በየወሩ ነው። አንድ ወር ሳይቀር!

ቀጥሎ የሙጫው ጦርነት መጣ። «እንጨት ይነሣ፣ እሺ፤ ወንበሩን ከአየር አልሠራሁትም። ምስማርም ይነሣ፣ ይሁን። የሙጫውን ግን ማን ለካው? ቆርቆሮው ሙሉ ሆኖ መምጣቱን ማን አየ? ይጣራ!» አሉ። ተጣራ። ቆርቆሮው ጢም ብሎ ሙሉ ነበር። ሙሉ መሆኑ ይባስ አጠራጠራቸው፤ «ማን ይሆን እንደምጠይቅ ቀድሞ የነገራቸው?» ብለው ቡድናቸውን በሙሉ ለሁለት ቀን አላናገሩም።

ከዚያ ዝም ብለው ሥራቸው ላይ አቀረቀሩ። አንድ ቀን ጠብታ ሙጫ ያልነካው ወንበር ይዘው ወጡ። እንጨቱን ከእንጨት ጋር አጥልፈው ብቻ፣ የአንዱን ጫፍ እንደ ምላስ ቀርጸው በሌላው ጉሮሮ እያስገቡ፣ ሠርተውታል። የወርክሾፑ ኃላፊ ሲቀመጥ ምድር የሚሰማው ሰው ነው፤ ተቀመጠበት፣ ተወዛወዘበት፣ ቆሞ ወደቀበት። ወንበሩ ሲጥ አላለም።

«ድንቅ ነው!» አለ ኃላፊው።

«እንግዲያውስ የሙጫው አይነሣብኝ።»

«እሱማ ይነሣል ጋሼ። ለሁሉም እኩል ነው የሚነሣው።»

«ያልቀመስኩትን ምሳ ልከፍል?»

ክርክሩ ከወርክሾፕ ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ከሒሳብ ክፍል ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ወጣ። በመጨረሻ አስተዳዳሪው ጭንቅላታቸውን ይዘው «ከፍሎበታል? ከፍሎበታል። እንግዲያው ሙጫውን ስጡትና ይሂድልኝ!» ብለው ፈረዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ይጣራ በየወሩ የሙጫ ድርሻቸውን በባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ እየተቀበሉ አልጋቸው ሥር ይደረድሩ ነበር። ሙጫው ደርቆ ድንጋይ ሆነ። «ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው፣ «ምንም። ግን የራሴ ድንጋይ ነው» አሉኝ።

ተጠራጣሪን ግን ከሁሉ የሚያበላሸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን ልክ መሆን! አንድ ጊዜ የወንበር ክፍያ ተጨመረ ተባለ። ወርክሾፑ በጭብጨባ ተናጋ፤ መጋዝ እንደ ከበሮ ተመታ። ጋሽ ይጣራ ብቻ መላጊያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ለምን አሁን?» አሉ።

«ጋሼ፣ ጨመሩልን እኮ! እልል ይበሉ!» አላቸው አጠገባቸው የሚሠራው ጎረምሳ።

«እኔ እልል የምለው ከየት እንደሚወስዱት ሳውቅ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ የግቢው ሱቅ የሳሙና ዋጋ ወጣ። የወጣውም ልክ በተጨመረው ያህል። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ድሮ የሚያፌዝባቸው ሁሉ ምክር ሊጠይቅ መጣ። «ጋሼ፣ ሚስቴ በዚህ ወር ሁለቴ መጥታ ጠየቀችኝ፤ ምን ፈልጋ ይሆን?» ይላል አንዱ። ጋሽ ይጣራ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ «ይጣራ» ይላሉ። ትዳር ሊያፈርሱ!

ለምን እንደገቡ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ነበሩ። የልብ ጓደኛቸው፣ አብሮ አደጋቸው፣ «ዕቃው ነገ ይገባል፣ አንተ ግን ዛሬ ፈርምልኝና ልገላገል» አላቸው። ፈረሙ። ዕቃው እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሳያዩ አመኑ፣ ያቺም አንዷ ስድስት ዓመት አስፈረደችባቸው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ነግረውኝ ሲያበቁ «ለምን ጠየቅሽኝ?» አሉ። አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ነገሩ ተላላፊ መሆኑን ማን በነገረኝ! ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ሳይጠየቅ ዕቃ ሲያጥብ አገኘሁትና «ምን ሰብረህ ነው?» አልኩት። ምስኪን! ምንም አልሰበረም ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ምንም አለመስበሩ ራሱ...

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልውሰዳችሁ፤ ጋሽ ይጣራ ወደ ተፈቱበት ቀን።

ከእስር መውጣት ለእሳቸው ትልቁ ነገር አልነበረም። ትልቁ ነገር አንዲት ክፍል ናት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ከእሷ በቀር ማንም የላቸውም። ይህች ልጅ ከተማው ውስጥ እግሯ እስኪቀጥን ዞራ ለአባቷ የእንጨት ሥራ የምትሆን አንዲት ክፍል አገኘች። የተፈታ እስረኛን ማን ይቀጥረዋል? ወይ የራሱ ሥራ፣ ወይ የሰው ደጅ ነው። ስድስት ዓመት ባንክ የተቀመጠላቸው የመውጫ ገንዘብ ደግሞ ለመጀመሪያው ኪራይና ለጥቂት ጣውላ ልክ ይበቃ ነበር። አከራዩ ግን ቁርጡን ነግሯታል፦ ገንዘቡ በዚያ ቀን ከምሳ በፊት እጁ ካልገባ ክፍሏን ለፀጉር አስተካካይ ይሰጣል። ልጅቱ ከማለዳ ጀምራ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

ጋሽ ይጣራ ታጥበው፣ ተላጭተው፣ ያቺን ሲገቡ የለበሷትን፣ አሁን የሰፋቻቸውን ኮት ለብሰው መስኮቴ ላይ ቆሙ። የመውጫ ገንዘባቸውን ድምር አነበብኩላቸው።

«ስንት አልሽ?»

ደገምኩላቸው።

«አይደለም» አሉ።

መዝገቡን ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩት። «ጎደለ?»

«በለጠ።»

ይኸውላችሁ! ጎደለ ብሎ የሰደበኝ አለ፤ ጎደለ ብሎ ያለቀሰብኝ አለ። በለጠ ብሎ የተጣላኝ ሰው ግን ከዚያ በፊትም አላየሁ፣ ከዚያ በኋላም አላየሁ። ሰውየው እያንዳንዱን ወንበር በጭንቅላታቸው ይዘው ነበርና ለካ ድምሩን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል።

«ትርፉ ወለድ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«የምን ወለድ? እኔ ለማን አበደርኩ?»

«ለባንኩ።»

«ባንኩን መቼ አየሁት? መቼ ተዋወቅን? እኔ ለማላውቀው ሰው አላበድርም!»

«ባንክ ገንዘብ ሲቀመጥበት የሚጨምረው ነው፤ ለሁሉም ይጨምራል።»

ወደ ፍርግርጉ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ይህን አውቀዋለሁ። ትርፉን ያሸክሙኛል፤ በሩ ላይ ስደርስ 'ቁም! የሰው ገንዘብ ይዘሃል!' ይላሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ። አንዴ ያልመጣ ዕቃ ተቀበልክ ተብዬ ገባሁ፤ ደግሞ ያልሠራሁትን ተቀብዬ ልግባ? ትርፉን አንሺልኝና የእኔን ብቻ ስጪኝ።»

ማንሣት? ሒሳብ ሹሙን ጠራሁት። ወጣት ነው፤ ክራባቱን ሲያስር ራሱን ለመስቀል የሚሞክር ይመስላል።

«ገንዘብ የመቀነስ አሠራር አለን» አለ፣ «ለእስረኛ የተጨመረን ገንዘብ የመመለስ አሠራር ግን የለንም። ኮሚቴ መቋቋም አለበት።»

«ኮሚቴው መቼ ይቀመጣል?»

«ሊቀመንበሩ ፈቃድ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ምናልባት።»

ጋሽ ይጣራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንጠብቃለና!» ብለው ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ እግራቸውን አጣምረው ቁጭ አሉ።

የተፈታ ሰው! ነጻ ሰው! በሩ ተከፍቶለት፣ እስር ቤት ውስጥ ቁጭ!

ግቢው ተተራመሰ። «ጋሼ፣ ትርፉን ለእኔ ይስጡኝና ይሂዱ!» የሚል አለ። «እሳቸው አልወጣም ካሉ የእሳቸውን መፈቺያ ለእኔ አዛውሩልኝ» የሚልም አለ። የበሩ ጠባቂ እየሮጠ መጣ።

«ምን እየሠራችሁ ነው እናንተ? ልጅቱ በር ላይ ልታብድ ነው! አከራዩ ስልክ ደውሎላታል፤ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ይዞ መጥቷል አሉ።»

የልጃቸው ነገር ሲነሣ የጋሽ ይጣራ ፊት ተለወጠ። ሊነሡ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጡ። ግን አልተነሡም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሰውየው እያካበዱ አልነበረም። ፈርተዋል። ያቺ በር ዳግመኛ ልትበላቸው የተከፈተች ነው የመሰላቸው።

ከቢሮዬ ወጥቼ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ፍርግርግ በመሐላችን ሳይኖር ስንገናኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ታስረው ዝም ብለው ተቀመጡ?»

«ምን ዝም ብዬ እቀመጣለሁ! ስሠራ አይደለም እንዴ የኖርኩት?»

«ገንዘብዎም እንደዚያው ነው። እሱም ባንክ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ተቆልፎበት ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ሲሠራ ነበር። ለሠራው ተከፈለው። ይኸው ነው።»

ወደ መስኮቴ ዞረው አዩ።

«ገንዘቤም ታስሮ ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታስሮ ሲሠራ ነበር?»

«ሌት ተቀን።»

«የሠራበትን ሰጡት?»

«ይኸው ሰጡት።»

ዓይናቸው ረጠበ ልላችሁ ስል፣ አንገታቸው ሰገግ አለ።

«ታዲያ እንዲህ ትንሽ?»

«እ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን ሠርቶ ይቺን ብቻ? ከእሱም ላይ የሙጫ አነሱበት?»

ወይ እኔን! ከትርፍ ወደ ጉድለት በአንድ ትንፋሽ! ሒሳብ ሹሙ ወደ ጣራው አየ። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ጎደለ ብለው የሚጣሉ ጋሽ ይጣራ ጤነኛ ጋሽ ይጣራ ናቸውና። «ባንኩ ከተማ ውስጥ ነው፣ ወጥተው እዚያው ይሟገቱታል» አልኳቸው። «ሳላጣራው ብቀር!» ብለው ተነሡ።

የመቀበያ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡ። ገልብጠው ባዶውን ጀርባም አነበቡ። ከፊርማቸው በላይ የቀረውን ክፍት ቦታ፣ ማንም በኋላ ምንም እንዳይጨምርበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስመር ዘጉት። ፈረሙ። ገንዘቡን ግን አልነኩትም።

«አንቺ ያዢው» አሉኝ። «እስከ ክፍሏ አብረሽኝ ሂጂ። የምሳ ሰዓትሽ አይደል?»

«እኔ? ለምን?»

«ከዚህ በር ወዲያ ያለውን ሰው አላውቀውማ!»

እንግዲህ ምሳዬን ትቼ፣ የሰው ገንዘብ በቦርሳዬ አቅፌ፣ አብሬ ወጣሁ። ልጅቱ ከበሩ ማዶ ቆማ ነበር። በአጥር ማዶ ለማዶ ብቻ ሲተያዩ የኖሩ አባትና ልጅ ናቸው። ጥምጥም አለችባቸው። እሳቸውም አቅፈዋት ትንሽ ቆዩና ከላያቸው ራቅ አድርገው ፊቷን አዩት።

«ከስተሻል። ምን ደብቀሽኛል?»

«አባዬ፣ ምንም! ፍጠን በቃ፣ ክፍሉ ሊሄድብን ነው!»

መንገዱን እንዴት እንደሄድነው አትጠይቁኝ። ጋሽ ይጣራ በግድግዳው በኩል፣ እኔ በመሐል፣ ልጅቱ በመኪናው በኩል። ከፊታችን የሚሄደውን «ለምን ይዘገያል?»፣ ከኋላችን የሚመጣውን «ለምን ይፈጥናል?» እያሉ፣ ሰዓት የጠየቃቸውን ምስኪን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ እየዞሩ እያዩ ደረስን።

ክፍሏ በጎማ ጠጋኝና በልብስ ሰፊ መሐል የተሰነቀረች ጠባብ ናት። የጎማ ሽታ አላት፣ ግን ወለሏ ሲሚንቶ ነው፣ ብርሃንም ይገባታል። የፀጉር አስተካካዩ መስታወት ከወዲሁ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ባለቤቱም አጠገቡ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አከራዩ በጥርሱ ስንጥር ይዞ ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

«መጣችሁ?» አለ። «አምጡ እስቲ።»

የኪራዩን በጥድፊያ ቆጥሬ ለይቼ ሰጠሁት። ቆጠረ። እንደገና አየኝ።

«አንድ ይጎድላል።»

ልጅቱ ፊቷ አመድ ለበሰ። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ያዝ አደረገ።

«እንዴት ይጎድላል?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ! ከየት እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ እዚያ የተቆጠረ ገንዘብ እዚህ ቢጎድል አይገርመኝም» አለና ስንጥሩን ወደ ሌላው ጥርሱ አዛወረ።

ወደ ጋሽ ይጣራ መዞር አቃተኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን ይኸው ነው፤ የያዙኝ ቀን። ቃሏን ጠበቅኩ። «ይጣራ!» እስኪሉ ጠበቅኩ።

«አይጎድልም» አሉ።

አከራዩ ቁልፉን ማሽከርከሩን አቆመ። «ማነው ያለው?»

«እሷ ናት የቆጠረችው።»

«እሷ ደግሞ ማናት?»

«ይህችን ሴትዮ ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ተጠራጥሬያታለሁ፤ አንድ ቀን አልያዝኳትም» አሉ ጋሽ ይጣራ፤ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉት። «አንተን ገና አሁን መጀመሬ ነው። ድገመው።»

እኔ ያን ጊዜ ምን ላይ ነበርኩ መሰላችሁ? ሰውየው በመላ ዘመናቸው ለሰው መስክረው የማያውቁት ለእኔ ሲመሰክሩ፣ እኔ በልቤ ኖቶቹን እንደ አዲስ እየቆጠርኩ ነበር። ስጣደፍ ዘልዬ ይሆን? ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቶ ይሆን? ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያላመነችኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም እኔ ነኝ።

አከራዩ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ፣ እየጎተተ፣ እያጉረመረመ ደገመው። መጨረሻው አካባቢ ጣቱ ቆመ። ሁለት አዳዲስ ኖቶች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀዋል። አላቀቃቸው።

«ልክ ነው» አለ፤ አፉ ሳይከፈት በአፍንጫው ነው ያለው። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ተሸክሞ ወጣ፤ ሲወጣ ለአንድ አፍታ አራታችንም መስታወቱ ውስጥ ታየን፣ ልጅቱ እየሳቀች።

ቁልፉ ጋሽ ይጣራ እጅ ገባ። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ላመሰግናቸው ፈለግኩ፤ ምን ብዬ እንደማመሰግን ግን ጠፋኝ። ለሴት ልጅ «አልያዝኳትም» ከመባል የበለጠ ሙገሳ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ባለቤቴ ሲያጨኝ እንኳ እንዲህ አልተባልኩም። ጉንጬ ሲግል ተሰማኝ፤ ልጅነቴ የተመለሰ ያህል ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝ። «በሉ ደህና ይሁኑ ጋሼ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

«ቆይ» አሉኝ። ቀረብ ብለው፣ ልጃቸው እንዳትሰማ ዝቅ አድርገው፦

«ስትወጪ ቢሮሽን ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አይ እኒህ ሰውዬ! ቆልፌያለሁ፤ ስቆልፍ ትዝ ይለኛል። እንኳን ቢሮውን መስኮቱንም ዘግቻለሁ። እስከ ልብስ ሰፊው ድረስ እየሳቅኩ፣ በእርጋታ ሄድኩ። ከልብስ ሰፊው እስከ መታጠፊያው ፈጠን አልኩ። ከመታጠፊያው በኋላ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር የሮጥኩት።

የበሩ ጠባቂ «ምን ሆነሽ ነው?» እያለ ሲጮህ አልፌው ገባሁ። ቢሮዬ ተቆልፏል። ጓጉንቸሩን ያዝ አድርጌ ጎተትኩት፤ ግጥም ብሏል። ተነፈስኩ። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቼ፣ ማንም እንደማያየኝ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ አንዴ ደግሜ ጎተትኩት።